የሱሺ ወረት ካለፈ ቆይቷል

የሱሺ ነገር ሲነሣ በእኛ ዘንድ ሁለት አስተያየቶች ቀድመው ይሰማሉ። አንደኛው «የሀብታም ምግብ ነው፤ ከመብላቱ በፊት ፎቶ የሚነሣ» ይላል። ሌላው ደግሞ «ጥሬ ዓሣ ነው፤ የዘመኑ ወረት ነው፤ ነገ ይረሳል» ብሎ ይደመድማል። አንዱ ያደንቃል፣ ሌላው ይጠየፋል፤ ሁለቱም ግን ሱሺን ከወረት ይቆጥሩታል። እኔ በዚህ አልስማማም። ሱሺ በሰፊው በሚበላባቸው አገሮች ወረት መሆኑን ካቆመ ቢያንስ ሃያ ዓመት ሆኖታል። ዛሬ በአሜሪካም ሆነ በብሪታንያ ሱሺ ማለት ሰው ከሥራ ሲወጣ ከሱፐርማርኬት አንሥቶ ወደ ቤቱ ይዞት የሚሄደው ተራ ምግብ ነው። ወረት ሆኖ የቀረ ነገር ካለ በሱሺ ስም የሚሸጠው ክብር ነው። ይህን መለየት ለክርክር ያህል ብቻ አይጠቅምም። ወረት ነው ያልነውን ነገር ወይ እንሮጥለታለን ወይ እንንቀዋለን፤ አንመረምረውም። የዘወትር ምግብን ግን ማን ሠራው፣ ከየት መጣ፣ ለጤና ይሆናል ወይ፣ ዋጋው ይገባዋል ወይ ብለን እንጠይቃለን። ለሱሺም የሚገባው ይኸው ጥያቄ ነው።

አስቀድሞ አንድ የተለመደ ስሕተት ይታረም። ሱሺን ሱሺ የሚያሰኘው ሩዙ ነው። ፍሬው አጠር ያለ፣ ሲበስል እርስ በርሱ የሚያያዝ ሩዝ ተቀቅሎ አቼቶ፣ ስኳርና ጨው ይገባበታል። ከላዩ የሚቀመጠው ወይም ከመሐሉ የሚጠቀለለው ነገር ጥሬ ዓሣ ሊሆን ይችላል፤ የተቀቀለ ሽሪምፕ፣ የተጠበሰ እንቁላል፣ ኪያር ወይም አቮካዶም ሊሆን ይችላል። ያለ ሩዝ የሚቀርበው ጥሬ ዓሣ ሳሺሚ የሚባል ሌላ ምግብ ነው። «ጥሬ ዓሣ ስለማልበላ ሱሺ አልበላም» የሚል ሰው ጨርሶ ጥሬ ዓሣ የሌለበት ሱሺ በዓለም ላይ በብዛት እንደሚሸጥ ቢያውቅ ቢያንስ የክርክሩን መነሻ ይቀይር ነበር። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሲጀመርም የመንገድ ዳር ምግብ ነበር

የሱሺ ታሪክ ከክብር ጠረጴዛ አይጀምርም። የጥንቱ ሱሺ ዓሣን ከመበስበስ የማዳኛ ዘዴ ነበር። በጨው የታሸ ዓሣ በተቀቀለ ሩዝ ውስጥ ተቀብሮ ለወራት ይቆያል፤ ሩዙ ሲቦካ የሚያወጣው አሲድ ዓሣውን ይጠብቀዋል፤ በመጨረሻ ሩዙ ይጣልና ዓሣው ይበላል። ይህ ዘዴ ከደቡብ ምሥራቅ እስያ የሩዝ ገበሬዎች ወደ ጃፓን እንደገባ ይታመናል፤ በቢዋ ሐይቅ ዙሪያ ዛሬም ድረስ ፉናዙሺ በሚል ስም ይሠራል። ሩዝን ለመጣል ብቻ መቀቀል ግን ውድ ነገር ነው፤ ለወራት መጠበቅም አድካሚ ነው። ስለዚህ ጊዜው እያጠረ፣ ሩዙም አብሮ እየተበላ መጣ። በመጨረሻም መፍላቱ ቀረና የሩዙን ጣዕም የሚያኮመጥጠው አቼቶ ሆነ።

ዛሬ የምናውቀው በእጅ ተጨብጦ ዓሣ የሚደረብበት ኒጊሪ የተወለደው በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ላይ በኤዶ፣ ማለትም በዛሬዋ ቶኪዮ ነው። ስሙ አብሮ የሚነሣው ሐናያ ዮሄይ የሚባል ሰው ነው፤ በ1820ዎቹ። ኤዶ ብዙ ብቸኛ ወንድ ሠራተኞች የሚኖሩባት፣ ሁሉም የሚቸኩልባት ከተማ ነበረች። ሰዎቹ በመንገድ ዳር ጋሪ ፊት ቆመው፣ በእጃቸው አንሥተው፣ በልተው ይሄዱ ነበር። አንዱ ጉርሻ ከዛሬው በጣም ይተልቅ ስለነበር ጥቂቱ ያጠግብ ነበር። አቼቶውም ቢሆን የረከሰው በብልሃት ነው፦ በሐንዳ ከተማ ናካኖ ማታዛኤሞን የተባለ የሳኬ ጠማቂ፣ ከጠመቃ የተረፈውን አተላ ወደ አቼቶ መለወጥ የጀመረው በ1804 ሲሆን፣ የኤዶ ሱሺ ሻጮች ደንበኞቹ ሆኑ። ሚዝካን የሚባለው ግዙፍ የአቼቶ ድርጅት መነሻ ይኸው ነው። እንግዲህ ሱሺ በዛሬ መልኩ የተፈጠረው ለችኩል ሠራተኛ፣ በመንገድ ላይ፣ ከጠመቃ በተረፈ አቼቶ ነው።

በመላው ጃፓን የተስፋፋውም በመከራ ምክንያት ነው። በ1923 ታላቁ የካንቶ የምድር መንቀጥቀጥ ቶኪዮን ሲያፈርሳት ሱሺ ሠሪዎቹ ወደየትውልድ ቀያቸው ተበተኑ፤ ሙያቸውንም ይዘው ሄዱ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የምግብ እጥረቱ ሲጸና መንግሥት ምግብ ቤቶችን ዘጋ፤ ሱሺ ቤቶች ግን በ1947 አንድ መላ አገኙ። ደንበኛው የራሱን አንድ ስኒ ሩዝ ይዞ ይመጣል፤ የእጅ ዋጋ ብቻ ከፍሎ አሥር ፍሬ ሱሺ ይቀበላል። በዚህም ሱሺ ቤቱ ምግብ ሻጭ መሆኑ ቀርቶ ሩዝን በዓሣ የሚለውጥ አገልግሎት ሰጪ ተባለ። ከዚያ በኋላ በተረጋጋው ዘመን ነው ሱሺ ቤት ገብቶ ከባለሙያው ፊት መቀመጥ ዋጋው ከፍ ያለ ነገር የሆነው። ይህ የክብር ዘመን ከሱሺ ዕድሜ አንጻር ሲታይ አጭር ነው።

ያኔም ቢሆን ወደ ተራው ሰው የሚመልሰው አልታጣም። በ1958 በኦሳካ አቅራቢያ ሺራይሺ ዮሺያኪ የተባለ ባለሱሺ ቤት ሠራተኛ ማግኘት ቸግሮት ነበር። በቢራ ፋብሪካ ጠርሙሶች በቀበቶ ላይ ሲንቀሳቀሱ አይቶ ሳሕኖቹን በተመሳሳይ ቀበቶ ላይ በደንበኞች ፊት እንዲዞሩ አደረገ። በ1970 በኦሳካ የዓለም ኤግዚቢሽን ላይ ሲታይ ነገሩ በመላው አገሪቱ ታወቀ። በ1981 ደግሞ ሱዙሞ የተባለው ድርጅት ሩዙን የሚጨብጥ ማሽን ሠራ። ቀበቶውና ማሽኑ ሲገናኙ ለረጅም ዓመታት አንድ ሳሕን በ100 የን የሚሸጡ፣ ቤተሰብ ከነልጆቹ የሚሄድባቸው ሱሺ ቤቶች ተፈጠሩ። በጃፓን ሱሺ ወረት ነው ወይ ብሎ የሚጠይቅ ሰው የለም። ጥያቄው የተወለደው ከጃፓን ውጪ ነው፤ መልሱም መፈለግ ያለበት እዚያው ነው።

አሜሪካ እንዴት ለመደችው

አሜሪካ የገባው ሱሺ በ1960ዎቹ በሎስ አንጀለስ ትንሿ ቶኪዮ በሚባለው ሰፈር ነው ጎልቶ የወጣው። ካናይ ኖሪቶሺ የተባለ የምግብ አስመጪ፣ ከአንድ አሜሪካዊ ሸሪኩ ጋር ቶኪዮ ውስጥ ሱሺ ሲበሉ ሸሪኩ በጣም ስለወደደው፣ ካዋፉኩ በተባለው ምግብ ቤት ውስጥ የሱሺ ባንኮኒ እንዲከፈት አደረገ። የመጀመሪያዎቹ ደንበኞች በሥራ የመጡ ጃፓናውያን ነበሩ፤ እነሱ አሜሪካውያን ባልደረቦቻቸውን ይዘው ይመጡ ጀመር። ቶኪዮ ካይካን በተባለው ሌላ ቤት ማሺታ ኢቺሮ የተባለው ባለሙያ የሰባውን የቱና ሥጋ በየወቅቱ ማግኘት ሲያቅተው ቅባት ያለውን አቮካዶ ተካበት። ከጊዜ በኋላ ደግሞ ጥቁሩ የባሕር አረም ለማያውቀው ሰው ስለሚያስቸግር ከውስጥ ሆነ፤ ሩዙ ከውጪ ወጣ። ካሊፎርኒያ ሮል የሚባለው ይህ ነው። በካናዳ ቫንኩቨር ቶጆ ሂዴካዙ የተባለው ባለሙያም የእኔ ፈጠራ ነው ይላል፤ ክርክሩ እስከ ዛሬ አልተቋጨም። ለእኛ ጉዳይ ዋናው፣ በዚያ ጥቅል ውስጥ ጥሬ ዓሣ አለመኖሩ ነው። የሚገባበት ሸርጣን፣ በርካሹ ደግሞ ፖሎክ ከሚባል ነጭ ዓሣ ተፈጭቶ የሸርጣን መልክና ጣዕም የተሰጠው ነገር ነው። ፈሪው ሰው በዚህ በር ገባ፤ ከገባ በኋላ ወደ ቱናውና ወደ ሳልመኑ አለፈ።

መሬቱም ተዘጋጅቶ ነበር። ካሊፎርኒያ ከ1940ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ካልሮዝ የሚባለውን ለሱሺ የሚስማማ ሩዝ ታመርታለች። ኪኮማን የአኩሪ አተር ሶስ ፋብሪካውን ዊስኮንሲን ውስጥ በ1973 ከፈተ። ዓሣውን ደግሞ አውሮፕላን አመጣው፤ ይህ ክፍል ሰፋ ብሎ ሊነገር ይገባዋል። በካናዳ አትላንቲክ ዳርቻ ትልልቆቹ ሰማያዊ ክንፍ ቱናዎች ለመዝናኛ ተጠምደው፣ ፎቶ ከተነሣባቸው በኋላ የሚጣሉ ነበሩ፤ ገዢ አልነበራቸውም። የጃፓን አየር መንገድ አውሮፕላኖች የጃፓንን ኤሌክትሮኒክስና ሌላ ሸቀጥ ወደ አሜሪካ አድርሰው ሲመለሱ ባዶ እንዳይሆኑ ጭነት ይፈልጉ ነበር። ኦካዛኪ አኪራ የተባለ የአየር መንገዱ ሠራተኛ ይህን ዓሣ አገኘ። በ1972 ነሐሴ ወር የመጀመሪያዎቹ የካናዳ ቱናዎች በቶኪዮ ጹኪጂ ገበያ ለጨረታ ቀረቡ። ከዚያ በኋላ አንድ ዓሣ በአንድ ውቅያኖስ ተጠምዶ በሌላው ዳርቻ በቀናት ውስጥ መበላቱ የዘወትር ንግድ ሆነ። ሱሺን ዓለም አቀፍ ያደረገው ይህ የጭነት መንገድ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ኮከብ ተዋናዮች ሲበሉት መታየታቸው ረድቷል፤ ሾገን የተሰኘው የ1980 የቴሌቪዥን ድራማም አሜሪካውያን ስለ ጃፓን የማወቅ ጉጉት እንዲያድርባቸው አድርጓል። የቀዘቀዘ ዓሣ በአውሮፕላን ባይጓጓዝ ኖሮ ግን ጉጉቱ ጉጉት ሆኖ ይቀር ነበር።

ሱሺ ወረት የነበረበትን ዘመን በግልጽ የሚያሳይ አንድ ማስረጃ አለ። በ1985 የወጣው ብሬክፋስት ክለብ የተሰኘ የአሜሪካ ፊልም ላይ ቅዳሜ ቀን በቅጣት ትምህርት ቤት የዋሉ ተማሪዎች ምሳቸውን ያወጣሉ። የሀብታሟ ልጅ ምሳ ሱሺ ነው። አብሯት ያለው የድሃ ልጅ ምንነቱን ጠይቆ ሲረዳ ይጠየፋል። ፊልም ሠሪው የልጅቷን የኑሮ ደረጃ በአንድ ነገር ብቻ ለማሳየት ሱሺን መምረጡ፣ ያኔ በአሜሪካ ሱሺ ምን ትርጉም እንደነበረው ይነግረናል። ሆኖም በማግስቱ ዓመት፣ በ1986፣ ኢሺይ ሪዩጂ የተባለ ጃፓናዊ በሎስ አንጀለስ ኤ.ኤፍ.ሲ. የተባለ ድርጅት አቋቁሞ በሱፐርማርኬት ውስጥ ሱሺ መሥራትና መሸጥ ጀመረ። የወረቱ መጨረሻ የተጀመረው፣ በእኔ አስተያየት፣ ያኔ ነው። አንድ ምግብ ከዳቦና ከወተት ጋር በአንድ ጋሪ ተገፍቶ ከወጣ በኋላ ማንም በእሱ ሊለይ አይችልም። ዛሬ ክሮገርን የመሳሰሉ ትልልቅ የአሜሪካ ሱፐርማርኬቶች ሱሺ በብዛት ይሸጣሉ፤ ኮስትኮ በ2023 በራሱ መደብር ውስጥ ማሠራት ጀምሯል፤ ማታ ማታ ክፍት የሆኑ የነዳጅ ማደያ ሱቆች ሳይቀሩ ያቀርቡታል። የጃፓን የግብርና ሚኒስቴር ከአገሩ ውጪ ያሉትን የጃፓን ምግብ ቤቶች ሲቆጥር በ2006 ወደ 24,000 ገደማ ነበሩ፤ በ2023 ወደ 187,000 ደርሰዋል። እነዚህ ሁሉ ሱሺ ቤቶች ናቸው ማለት አይደለም፤ አቅጣጫው ግን ግልጽ ነው። ወረት በዚህ መጠን ለአሥራ ሰባት ዓመት ሳያቋርጥ አይጨምርም።

በዋሽንግተንና በአካባቢው የሚኖሩ ወገኖቻችን ይህን ከማንም በላይ ያዩታል። በሰፈራቸው ሱፐርማርኬት ሱሺው ከተጠበሰው ዶሮ አጠገብ ተደርድሯል፤ እንጀራና ወጥ ግን ባመዛኙ በምግብ ቤቱና በሐበሻ ሱቁ ተወስኗል። ሱሺ ቀዝቃዛ ሆኖ ይበላል፤ ማሞቂያ አያስፈልገውም፤ ለአንድ ሰው ተመጥኖ በክዳን ይዘጋል፤ በመኪና ውስጥም ይበላል። እንጀራ ትኩስ ወጥና አብሮ የሚቀመጥ ሰው ይፈልጋል። ከሬስቶራንት ወደ መደርደሪያ መውጣትና አለመውጣት የጣዕም ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ የእኛ ምግብ ነጋዴዎች ቢያስተውሉት ደስ ይለኛል።

«ታዲያ ያ ሁሉ ወረፋ ምንድን ነው?»

በእኔ አቋም ላይ የሚነሣው የመጀመሪያ ተቃውሞ ጠንካራ ነው። ሱሺ ተራ ከሆነ ኒው ዮርክ ውስጥ ማሳ በሚባለው ቤት አንድ ሰው ለአንድ እራት ከ700 ዶላር በላይ የሚከፍለው ለምንድን ነው? በቶኪዮ ጊንዛ ከምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ያለችው፣ ከአሥር ያልበለጡ መቀመጫዎች ያሏት የኦኖ ጂሮ ቤት በ2011 ዘጋቢ ፊልም ከተሠራባት በኋላ ለምን የዓለም መነጋገሪያ ሆነች? በ2014 ፕሬዚዳንት ኦባማ ከጠቅላይ ሚኒስትር አቤ ጋር እዚያ ገብተው ነበር። በ2019 መጀመሪያ በቶዮሱ ገበያ 278 ኪሎ የሚመዝን አንድ ቱና 333.6 ሚሊዮን የን አውጥቷል። በየትልልቁ ከተማም ደንበኛው ምርጫውን ለባለሙያው ትቶ የመጣለትን የሚበላበት፣ ኦማካሴ የሚባለው አቀራረብ ተበራክቷል።

ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ ስለ ሱሺ ግን የሚነግረን ጥቂት ነው። ቡናን እንውሰድ። በአንድ ትልቅ ሆቴል አንድ ስኒ ቡና መንገድ ዳር ከሚሸጠው የጀበና ቡና በብዙ እጥፍ ዋጋ ስለሚሸጥ ቡና ወረት ነው የሚል ኢትዮጵያዊ የለም። የሆቴሉ ዋጋ የወንበሩ፣ የጸጥታው፣ የመታየቱ ዋጋ ነው። የኦማካሴውም እንዲሁ ነው፤ የሚሸጠው የመቀመጫው ማነስና የባለሙያው ዕድሜ ልክ ልምድ ነው። ለልምዱ መክፈል ተገቢ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ሩዙን በትክክለኛው ሙቀት ይዞ፣ ዓሣውን ለቀናት አቆይቶ ጣዕሙን የሚያወጣ እጅ በአንድ ዓመት አይገኝም። የጂሮ ቤትም በ2007 ከሚሽለን መጽሐፍ ሦስት ኮከብ ያገኘችው በዚህ ነው። በ2019 ከመጽሐፉ የወጣችው ግን ምግቧ ስለተበላሸ ሳይሆን ተራው ሰው ደውሎ ቦታ መያዝ ስለማይችል ነበር። የአዲስ ዓመቱ ጨረታ ደግሞ ማስታወቂያ ነው፤ የ2019ኙን ቱና የገዛው ኪሙራ ኪዮሺ የተራ ሱሺ ቤቶች ሰንሰለት ባለቤት ሲሆን ዓሣውን በተለመደው ዋጋው ለደንበኞቹ ሸጦታል። በእርግጥም በጣም ውድ የሆነ የምግብ ዓይነት ሊኖር የሚችለው ከሥሩ ሰፊ ተራ ገበያ ሲኖር ነው፤ ሁሉም የሚያውቀው ነገር ካልሆነ ልዩነቱን አይቶ የሚከፍል አይገኝም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከሌላ አቅጣጫ ይመጣል። «ተራ የሆነው ሱሺ ሳይሆን ስሙ ነው» ይላሉ ጠባቂዎቹ። ሩዙ ከማቀዝቀዣ ደርቆ የወጣ፣ ክሬም ቺዝና ማዮኔዝ የተሞላ፣ በዘይት የተጠበሰ ጥቅል ሱሺ ሊባል አይገባም ባዮች ናቸው። በ2006 የጃፓን መንግሥት ራሱ በውጭ አገር ያሉ ምግብ ቤቶችን እየመረመረ የትክክለኛነት ማረጋገጫ ለመስጠት አስቦ ነበር። የውጭ ጋዜጦች «የሱሺ ፖሊስ» ብለው ሲተቹት ሐሳቡ ተለዘበ፤ በ2016 የውጭ አገር ባለሙያዎች በፈቃዳቸው ተፈትነው የነሐስ፣ የብርና የወርቅ ደረጃ የሚያገኙበት ሥርዓት ተተካ። ይህ ሁለተኛው መንገድ የተሻለ ነው። የሩዙን ጉዳይ በተመለከተ ከጠባቂዎቹ ጎን እቆማለሁ፤ ከማቀዝቀዣ የወጣ ሩዝ ይጠነክራል፣ ጣዕሙ ይሞታል፤ ይህን መናገር ትምክህት አይደለም። ስለ ዓሣውና ስለ ቅልቅሉ የሚሉት ግን በራሷ በጃፓን ታሪክ ይፈርሳል። ዛሬ በጃፓን ቀበቶ ሱሺ ቤቶች ደንበኞች ስለ ምርጫቸው ሲጠየቁ ለተከታታይ ዓመታት አንደኛ የሚወጣው ሳልመን ነው። ከአርባ ዓመት በፊት ግን ጃፓናውያን ሳልመንን ጥሬውን አይበሉም ነበር፤ በባሕራቸው ያለው ሳልመን ጥገኛ ትል ስለሚኖርበት ይጠበሳል ወይም በጨው ይታሻል። የቀየሩት ኖርዌያውያን ናቸው። በእርባታ ያመረቱት ሳልመን ሲበዛባቸው፣ በ1980ዎቹ አጋማሽ ፕሮጀክት ጃፓን የሚል ዘመቻ ጀመሩ፤ ቢዮርን ኤሪክ ኦልሰን የተባለው ባለሙያቸው የእርባታው ዓሣ ጥሬውን ቢበላ ችግር እንደሌለው ለማሳመን ዓመታት ፈጀበት። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ኒቺሬይ የተባለው የጃፓን ድርጅት ለሱሺ እንዲሸጠው ተስማምቶ 5,000 ቶን ገዛ። የጃፓን ልጆች በጣም የሚወዱት ሱሺ በኖርዌይ ነጋዴዎች የተፈጠረ ከሆነ፣ ካሊፎርኒያ አቮካዶ ጨመረች ብሎ መክሰስ ከየት ይመጣል?

ሦስተኛው ተቃውሞ የእኛው ነው፦ «ለእኛ ግን አሁንም ቅንጦት ነው።» እውነት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ሱሺ የሚያቀርቡት አንዳንድ ትልልቅ ሆቴሎችና ምግብ ቤቶች ናቸው፤ ዋጋውም ብዙኃኑን አይጋብዝም። አገሩ የባሕር በር የለውም፤ ሳልመኑና ቱናው በአውሮፕላን፣ በውጭ ምንዛሪ፣ በማቀዝቀዣ ይመጣል። ይህ የመጓጓዣና የምንዛሪ ዋጋ ነው። ጥሬ ነገር ለባህላችን እንግዳ ነው የሚለውን ግን አልቀበልም። ክትፎና ጥሬ ሥጋ የሚበላ ሕዝብ ጥሬ ነገርን ይጠየፋል ማለት አይቻልም። ሐዋሳ አሞራ ገደል የሄደ ሰው ዓሣው ከጀልባ እንደወረደ ተቆርጦ፣ ከዳጣ ወይም ከአዋዜ ጋር ጥሬውን ሲበላ አይቷል። ያንን ማንም ወረት አላለውም።

ተራ ምግብ የሚጠየቀው ጥያቄ

ሱሺ ተራ ምግብ መሆኑን ከተቀበልን ከጀርባው ያሉት ሰዎች ይታዩናል። በአሜሪካ ሱፐርማርኬት ነጭ ኮፍያ አድርጎ ሱሺ የሚጠቀልለው ሰው ብዙ ጊዜ ጃፓናዊ አይደለም፤ ከምያንማር የተሰደደ ነው። አንድ ዘመድ ሌላውን እያስገባ፣ ድርጅቶቹ የሱሺ ጠረጴዛውን በውል እየሰጡ፣ ሙያው የምያንማር ስደተኞች መተዳደሪያ ሆኗል። ሒሾ የተባለውን ትልቅ የሱፐርማርኬት ሱሺ ድርጅት በ1998 ሻርሎት ከተማ ያቋቋመው ፊሊፕ ማንግ ራሱ ከዚያው አገር የመጣ ነው። ከሽያጩ ድርሻ ለሱፐርማርኬቱም ለባለስሙ ድርጅትም እየከፈለ ከማለዳ ጀምሮ የሚጠቀልለው ሰው ምን ያህል ይተርፈዋል የሚለው ጥያቄ፣ ጥቅሉ በትክክል ጃፓናዊ ነው ወይ ከሚለው እጅግ ይበልጥብኛል። ለአሜሪካ ሱሺ ቤቶች ዓሣ ከሚያከፋፍሉት ትልልቆቹ አንዱ ትሩ ወርልድ ፉድስ ደግሞ በኮሪያዊው ሰን ሚዩንግ ሙን የሃይማኖት ተከታዮች የተመሠረተ ነው። ይህን የሚያውቁ ተመጋቢዎች ጥቂት ናቸው፤ ወረቱ እንዲህ ያለውን ነገር እንድንጠይቅ አላደረገንም።

ስለ ባሕሩም እንዲሁ ነው። የሱሺ ፍላጎት የአትላንቲክን ሰማያዊ ክንፍ ቱና ክፉኛ አመናምኖት ነበር። በ2010 ዶሃ ላይ በተካሄደ ጉባኤ ሞናኮ ዓለም አቀፍ ንግዱ እንዲታገድ ያቀረበችው ሐሳብ ውድቅ ሆነ፤ በ2011 የተፈጥሮ ጥበቃ ዓለም አቀፍ ኅብረቱ ዓሣውን ለመጥፋት በተቃረቡት ዝርዝር አስገባው። ከዚያ የማጥመጃ ኮታው ጠበቀ፤ ቁጥጥሩ ተጠናከረ። በ2021 ያው ኅብረት አትላንቲኩን ቱና ብዙም ወደማያሳስቡት ምድብ አዛወረው። ከዚህ የምወስደው ፍርድ ግልጽ ነው፤ የሕዝብ ምግብ የሆነ ዓሣ በሕግ ሊጠበቅ ይችላል፤ የሚጠበቀው ግን ብዙ ሰው ሲጠይቅና መንግሥታት ኮታ ሲያስከብሩ ነው። በሱፐርማርኬት የሚሸጠው ሱሺ ባብዛኛው ይህን ቱና አይይዝም፤ የእርባታ ሳልመንና የፖሎክ ሸርጣን ነው የሚይዘው። እሱም የራሱ ጥያቄ አለው፤ የእርባታው ቆሻሻና የባሕር ቅማል የኖርዌይን ዳርቻዎች እያሳሰበ ነው።

ለእኛ የሚቀርበው ጥያቄ የጤናው ነው፤ እዚህ ላይ ማስተዋል ይጎድለናል። በአሜሪካ የምግብ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት መመሪያ መሠረት ጥሬውን የሚበላ ዓሣ አስቀድሞ ከዜሮ በታች በ20 ዲግሪ ለ7 ቀን፣ ወይም ከዜሮ በታች በ35 ዲግሪ ለ15 ሰዓት መቀዝቀዝ አለበት፤ ጥገኛ ትሎቹ የሚሞቱት በዚህ ነው። የተወሰኑ የቱና ዓይነቶችና በተመጣጠነ መኖ ያደገ የእርባታ ዓሣ ብቻ ከዚህ ነጻ ናቸው። ስለዚህ «ትኩስ፣ ያልቀዘቀዘ» መሆኑን እንደ ጥራት የሚያወራ ሱሺ ቤት ሲያጋጥመው አንባቢ ሊጠነቀቅ ይገባል። የሐይቅ ዓሣ ደግሞ ከዚህ ነጻ ከሆኑት ውስጥ አይደለም። በሐዋሳና በሌሎችም የስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን ዓሣ ውስጥ ኮንትራሲኩም የሚባል ጥገኛ ትል መኖሩን የእኛው ተመራማሪዎች ደጋግመው ጽፈዋል። ከጀልባ የወረደውን ጥሬውን ከዳጣ ጋር የሚበላ ሰው ዳጣው ትሉን አይገድልለትም።

ስለዚህ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። አዲስ አበባ ውስጥ ሱሺ የምትበሉ አንባቢዎች፣ ከማዘዛችሁ በፊት ዓሣው ከየት እንደመጣ፣ በስንት ዲግሪ ለስንት ቀን እንደቀዘቀዘ አስተናጋጁን ጠይቁ፤ መልስ የሌለው ቤት የኪያርና የአቮካዶውን ጥቅል ብቻ እንዲያመጣላችሁ አድርጉ። የሐዋሳና የዝዋይ ዓሣ አጥማጆችን የምታደራጁ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ደግሞ፣ ጥሬውን ለሚሸጡት ማኅበራት ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ የሚደርስ ማቀዝቀዣ አቅርቡላቸው፤ የቤት ማቀዝቀዣ ብዙውን ጊዜ እዚያ አይደርስም።